ቁልፉን ማን ይያዝ? መንግሥት ስለሚያስቀራቸው ሰነዶች

(ይህ ጎንደር ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። አድማጮቼ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ የሕግና የታሪክ ተማሪዎች፣ እንዲሁም "እስቲ ምን ይል ይሆን" ብለው የመጡ ጡረተኞች ነበሩ። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ርእስ ስሙ ሲጠራ እንቅልፍ ያመጣል። መጥሪያው ላይ "የመንግሥት ሰነዶች ወደ ሕዝብ ቤተ መዛግብት እንዳይገቡ የማስቀረት አሠራርና ቁጥጥሩ" ይላል። እዚህ የደረሳችሁት ከምሳ በኋላ መሆኑን ሳስብ ደግሞ አዘንኩላችሁ። ስለዚህ ባጭሩ ልበለው። አንድ መሥሪያ ቤት "ይህን ወረቀት ለማንም አላሳይም" ሲል፣ "ለምን? እስከ መቼ?" ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? ጉዳዩ ይኸው ነው።

ምስጢር መኖር የለበትም ብዬ አልመጣሁም። የሆስፒታል ካርዴ ፒያሳ ላይ እንዲለጠፍ አልፈልግም። የጥቆማ ሰጪ ስም፣ የጉዲፈቻ ፋይል፣ በሥራ ላይ ያለ የመከላከያ ዕቅድ፣ እነዚህ ይቆለፉ። ጥያቄዬ የቆለፈው ሰው ራሱ ብቻውን ቁልፉን ይዞ መሄድ አለበት ወይ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ከዚሁ ከከተማችን እንነሳ። ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ፒያሳ ብትሄዱ ፖስታ ቤቱን ታያላችሁ። ጣሊያን የሠራው ነው። ሲኒማ ቤቱም እንዲሁ። ጎንደር በዚያ ዘመን ጣሊያኖች "አማራ" ብለው የሰየሙት ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ዋና ከተማ ከሆነች ደግሞ ቢሮ ነበረ። ቢሮ ካለ ወረቀት አለ። የታሰረ ሰው ስም፣ የተወረሰ ቤት፣ ወደ ሮም የተላከ ቴሌግራም። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ሕንፃው ቀረልን። ያ ሁሉ ወረቀት ግን የእኛ ንብረት አልሆነም። ስለ እኛ የተጻፈው ታሪክ ዋናው ክፍል ያለው ሮም ነው።

ሮም ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1952 ጣሊያን በአፍሪካ የሠራችውን ሥራ በሰነድ አስደግፎ የሚያሳትም ኮሚቴ ተቋቋመ። ሐሳቡ ሲሰማ ጥሩ ነው። የኮሚቴው አባላት ግን በብዛት የቀድሞ የቅኝ ግዛት ሹማምንት ነበሩ። ትናንት ትእዛዝ የፈረመው ሰው፣ ዛሬ ትእዛዙን ማን ይይ የሚለውን ይወስናል። ሰነዱን አስቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ የሚያሳትሙት እነሱ ናቸው። ሌላው ተመራማሪ ደጅ ይጠናል። እንደ አንጄሎ ዴል ቦካ ያሉ ታሪክ ጸሐፊዎች ለዓመታት ደጅ ጠንተዋል።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። የመርዝ ጋዙ ነገር ነው። የራስ እምሩ ሠራዊት ተከዜ ዳር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 በርሜል ከሰማይ ሲወርድበት ያየ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ለልጆቹ ተርኳል። ቆዳቸው የተላጠ ዘማቾችን ያጠቡ እናቶች ነበሩ። እዚህ አገር ጋዙ ተጥሏል አልተጣለም ብሎ የተከራከረ የለም። ጣሊያን ውስጥ ግን ክርክሩ ቀጠለ። በጦርነቱ የዘመተው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ "እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ጋዝ የሚባል አላየሁም" እያለ ለአሥርተ ዓመታት ተሟገተ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማ ቀርቦ ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን አመነ። ሞንታኔሊም እጅ ሰጠ። ከ60 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ማስረጃው በዚያ ሁሉ ጊዜ የትም አልሄደም። መደርደሪያ ላይ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ጣሊያንን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ ሌላ ቀን ይሁን። ያነሳሁት ቁጥጥር የሚመስል ነገር ሁሉ ቁጥጥር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ኮሚቴ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ። ግን ጠባቂውም ተጠባቂውም አንድ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ቁጥጥሩ የተሻለ ነው ወደሚባልበት አገር እንሂድ፤ ወደ እንግሊዝ። እዚያ ስለ መንግሥት ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ ሕግ አለ። መጀመሪያ ላይ ሰነድ ለሕዝብ ይከፈት የነበረው በ50 ዓመቱ ነው። በ1967 ወደ 30 ዓመት ወረደ። በ2010 በወጣ ሕግ ደግሞ ወደ 20 ዓመት እንዲወርድ ተወሰነ፤ እሱንም ቀስ በቀስ፣ በየዓመቱ የሁለት ዓመት ሰነድ እያስረከቡ። አንድ መሥሪያ ቤት ከዚያ ጊዜ በላይ ወረቀቱን ማቆየት ከፈለገ ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት አይችልም። ምክንያቱን ጽፎ የሚኒስትር ፈቃድ ይጠይቃል። ሚኒስትሩ ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ጥያቄው ለአንድ አማካሪ ምክር ቤት ይቀርባል። የዚህን ምክር ቤት ሰብሳቢ ሕጉ ከፍተኛ ዳኛ አድርጎታል። ከአባላቱ መካከል ታሪክ ጸሐፊዎች፣ የቤተ መዛግብት ባለሙያዎችና ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች "ይህ ምክንያት አላሳመነንም፤ አብራሩ" ብለው ይመልሳሉ።

እኔን ከዚህ አሠራር የሚማርከኝ ሰብሳቢው ዳኛ መሆኑ አይደለም። ቀኑ ነው። ነባሪው ነገር መከፈት ነው፤ ለመዝጋት ነው ማመልከቻ የሚጻፈው። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ለማየት ነው ማመልከቻ የሚጻፈው፣ ለመዝጋት አንድ ማኅተም ይበቃል።

ስለ ማኅተም ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ገብቼ ነበር። የቱ እንደሆነ አልናገርም። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቁት ሴት፣ ሁሉም "እትዬ" የሚላቸው፣ ሰማያዊ ካፖርታቸውን ደርበው አብረውኝ ወረዱ። ፋይሉ መደርደሪያ ላይ አይደለም፤ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ አፉ በጫማ ክር ታስሯል። እትዬ ፈቱና አንዱን ክላሰር መዘዙ። አቧራውን በካፖርታቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት። የ1973 ዓ.ም. ደብዳቤ ነው። ጉዳዩ ለቀበሌ ሱቅ ስለሚከፋፈል ስኳር ይላል። ከላይ በቀኝ በኩል በቀይ ቀለም፣ ትንሽ ተጣሞ፣ "ጥብቅ ምስጢር" የሚል ማኅተም ተመትቶበታል።

ስኳር!

"ፎቶ ላንሳው?" አልኳቸው። "እኔ ምን አገባኝ፣ አለቃውን ጠይቅ" አሉኝ። ወጣሁና አለቃውን ጠየቅሁ።

"ከላይ ካልተፈቀደ አይቻልም" አለኝ።

"ከላይ ማን?"

"ምስጢር ያለው አካል ነዋ።"

"ምስጢር ያለውማ ፈርሷል። መሥሪያ ቤቱም የለም፣ መንግሥቱም የለም።"

አሰበ። ከዚያ ሻይ ጋበዘኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። የፈራው ሕግ ስለከለከለው አልነበረም፤ ማን ሊፈቅድለት እንደሚችል ስለማያውቅ ነው። ማኅተሙ የሚያበቃበት ቀን የለውም። የመታው ሰው ሞቷል ወይ ተሰዷል። ስለዚህ የስኳሩ ምስጢር እስከ ምጽአት ይኖራል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሰነድ የሚከለከለው በሴራ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት አብዛኛው ክልከላ የመጣው "ነገ ጣጣ ቢመጣብኝስ" ከሚል ፍርሃት ነው። የሰው ፍርሃት ደግሞ በስብከት አይለቅም። "ከዚህ ቀን በኋላ ክፈት" የሚል ወረቀት በእጁ ስትሰጡት ነው የሚለቀው።

ወደ እንግሊዞቹ ልመለስ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ገና አላለቀም። ያ ሁሉ ሕግ፣ ያ ሁሉ ዳኛ እያለ ምን ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ2009 በዕድሜ የገፉ ጥቂት ኬንያውያን የእንግሊዝን መንግሥት ለንደን ላይ ከሰሱ። በማው ማው፣ ማለትም በጸረ ቅኝ ግዛቱ አመፅ ዘመን በእስር ካምፕ ውስጥ ተሠቃይተናል አሉ። ለእነሱ ማስረጃ ካቀረቡ ታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ ዴቪድ አንደርሰን ነበር። ሌሎች ፋይሎች ውስጥ የቀሩ ደብዳቤዎችን ይዞ፣ ኬንያ ነፃ ልትወጣ ስትል ወደ 1,500 የሚሆን ፋይል በ300 ካርቶን ታሽጎ ከናይሮቢ መጫኑን አመለከተ። "ይህ ጭነት የት ደረሰ?" ነው ጥያቄው። መንግሥት ፈለገ፣ ፈለገ፣ በ2011 መጀመሪያ ላይ ተገኘ አለ። የነበረው ሃንስሎፕ ፓርክ በሚባል፣ በሽቦ በታጠረ የመንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። የኬንያ ብቻ ቢሆን ጥሩ። የ37 የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ፋይል አብሮ ተገኘ። ተቆጥሮ ሲያልቅ ወደ 20,000 ፋይል ተጠጋ።

ኬንያ ይህን ሰነድ ገና በ1967 ጠይቃ ነበር። አይሆንም ተባለች። ለእሷ ከሰጠን ሌሎቹም ይጠይቁናል የሚል ፍርሃት ነበር። ከዚያ በኋላም ደጋግማ ጠይቃለች።

ፋይሎቹ ሲከፈቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ቅኝ ገዢዎቹ ለቀው ሲወጡ ምን ያስረክቡ፣ ምን ያቃጥሉ የሚል መመሪያ ነበራቸው። እንግሊዝን የሚያሳፍር ወረቀት ለአዲሱ መንግሥት አይተላለፍም። የተቃጠለው አመድ ይሁን፣ አመዱም ይበታተን ይላል። ባሕር ውስጥ የሚጣል ካለ ደግሞ ክብደት በታሰረበት ሣጥን ተደርጎ፣ ከባሕር ዳርቻ ርቆ፣ የውኃ ሞገድ የማይወስደው ጥልቅ ቦታ ይጣል። አንዳንዱን ፋይል መንካት የሚችለው "የአውሮፓ ዘር ያለው እንግሊዛዊ" ባለሥልጣን ብቻ ነበር። ክፍት ቦታው እንዳይታወቅ በወጣው ፋይል ምትክ የውሸት ፋይል እስከ ማስቀመጥ ደርሰዋል። ሰው ለክፋት ይህን ያህል ሲጠነቀቅ ሳይ፣ ለደግ ሥራ ግማሹን ቢጠነቀቅ እላለሁ።

በ2013 መንግሥት ለ5,228 ኬንያውያን 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሄግ ፓርላማ ቆሞ መጸጸቱን ተናገረ። ፋይሎቹ ሲለቀቁ ሥራውን የሚከታተል የውጭ ሰው ተመደበ፤ የካምብሪጁ የታሪክ ፕሮፌሰር ቶኒ ባጀር።

እሺ፣ ያ አማካሪ ምክር ቤት ያን ሁሉ ዓመት የት ነበር? እዚያው ነበር። ስብሰባውን ያካሂድ ነበር። የቀረበለትን ዝርዝር በጥንቃቄ ያይ ነበር። የሃንስሎፕ ፓርክ ፋይሎች ግን ዝርዝሩ ላይ አልነበሩም። የቅኝ ግዛት አስተዳደሮች ወረቀት እንጂ የእኛ የመንግሥት ሰነድ አይደለም በሚል ከሕጉ ውጭ ተትተው ነበር። ስለዚህ ለማቆየት ፈቃድ የጠየቀ የለም። ፈቃድ ካልተጠየቀ የሚከለክልም የሚፈቅድም የለም።

ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዱ እንደሆነ ይህን ያዙልኝ። ተቆጣጣሪ የሚያየው የቀረበለትን ብቻ ነው። የፈለጋችሁትን ዳኛ ሹሙ፣ የፈለጋችሁትን ምሁር ሰብስቡ። መሥሪያ ቤቱ ያለውን ሁሉ በዝርዝር ካልመዘገበ፣ ተቆጣጣሪው ባዶ ክፍል የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

አሜሪካኖቹም የራሳቸው አላቸው፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው። ማቲው ኤይድ የሚባል ተመራማሪ ከዓመታት በፊት ከብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው ኮፒ ያደረገውን ሰነድ እንደገና ሊያይ ሲሄድ መደርደሪያው ላይ አጣው። ኮፒው በእጁ ነው፣ ዋናው የለም። አንዱ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1948 ስለታሰበ ነገር ነው፤ በፊኛ በምሥራቅ አውሮፓ ላይ ወረቀት መበተን። ታትሞ የወጣ ነገር! ነገሩ በ2006 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ምስጢር አያያዝን የሚቆጣጠረው ቢሮ ቆጠራ አደረገ። ከ25,000 በላይ ሰነድ ከክፍት መደርደሪያ ተመልሶ ተነሥቷል። ከመረመሩት ውስጥ ሲሶው ያህሉ መነሣት ያልነበረበት ወይም የሚያጠራጥር ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ቤተ መዛግብቱ ራሱ ሰነዱ የተነሣበትን ምክንያት ላለመናገር ከደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ ነበር። ይህም ሲጋለጥ ኃላፊው "ሁለተኛ አይደገምም" አለ። ልብ በሉ፤ ጥፋቱ የተያዘው አንድ ሰው ኮፒ ስለነበረው ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

አሁን አገራችን እንግባ። እዚህ ከተማ ላይ ቆሞ ስለ ሰነድ አያያዝ ከውጭ አገር ብቻ መጥቀስ ነውር ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ጽሕፈት ቤታቸውም በዚያው ግቢ ነው። ቱሪስት ፎቶ አንሥቶ ያልፋል። ጎንደር ግን ስሟ በግንብ ብቻ የሚነሣ ከተማ አይደለችም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስ፣ ክርክር የሚመዘገበው በአድባራቱ መጻሕፍት ላይ ነበር። የወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ፣ ኅዳጉ ላይ፣ ሻጩ ማን ገዢው ማን፣ ዋሱ ማን፣ እማኞቹ እነማን እንደሆኑ ተጽፏል። እንደ ዶናልድ ክረሚ ያሉ ታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዘመን የጎንደርን ኑሮ ያጠኑት ከነዚህ ጽሑፎች ነው። ጽሑፉን ለፋቀና ለለወጠ ሰው ደግሞ ቅጣቱ እዚያው ተጽፏል፤ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ ይሁን ተብሎ። ያ ግዝት ለዚያ ዘመን ሰው ከሚኒስትር ፊርማ ይከብዳል።

አያያዙን እዩልኝ። ወንጌሉ ሜዳ ላይ አልተጣለም። ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። ግን በብዙ ደብር ዕቃ ቤት አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ገበዙ አለ፣ ሌላ ካህን ወይም ሽማግሌ ይጨመራል፤ ቁልፉ በተለያየ ሰው እጅ የሚሆንበትም ቦታ ሞልቷል። ምን ንብረት እንዳለ በመዝገብ ይታወቃል። ገበዝ ሲቀየር በቆጠራ ነው የሚረካከቡት። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ይህን ያህል ቢደረግ ኖሮ እኔ ዛሬ ሌላ ርእስ ይዤ እመጣ ነበር።

ይህም ሆኖ ብዙ አጥተናል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቡትን መጻሕፍት መቅደላ አደረሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከዚያ እንግሊዞች ወሰዱት። ወደ 350 የሚሆነው ለንደን ያለው የብሪታንያ ሙዚየም ገባ። ያ ግን ዘረፋ ነው። የእኛን የራሳችንን ደግሞ እንየው። በመንግሥት ለውጥ ሰሞን ከየቢሮው የወጣው ወረቀት የት እንደገባ ዕድሜያችሁ የፈቀደ ታውቃላችሁ። ቆሎ ይጠቀለልበት ነበር። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተጠቅልሎ ገብስ በልተናል። ያኔ ምስጢር ነው ብሎ የከለከለ አልነበረም!

ሕጉስ ምን ይላል? ሕጉ ክፉ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘትን መብት ይሰጣል። ወመዘክር፣ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው አንጋፋው ተቋም፣ አዋጅ ቁጥር 179/1991 ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አድርጎታል። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንም ሰው መንግሥታዊ አካልን መረጃ መጠየቅ ይችላል። መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። ከከለከሉህ ምክንያቱን ይነግሩሃል። ካልተስማማህ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ታመለክታለህ። የማይሰጡ የመረጃ ዓይነቶችም ተዘርዝረዋል፤ የግል ሕይወት፣ መከላከያ፣ የምርመራ ሥራ፣ የካቢኔ ሰነድ የመሳሰሉት።

ጉድለቱ ወዴት ነው? እንባ ጠባቂው የሚነሣው ሰው አቤት ሲለው ነው። አቤት ለማለት ደግሞ የተከለከልከውን ነገር ማወቅ አለብህ። እትዬ ከረጢቱን ባይፈቱልኝ ኖሮ የስኳር ደብዳቤ መኖሩን በምን አውቃለሁ? የማላውቀውን ወረቀት አልጠይቅም። ካልጠየቅሁ አልከለከልም። ካልተከለከልሁ አቤት አልልም። ወረቀቱም ለወመዘክር ሳይሄድ፣ ማንም አይሆንም ሳይለው፣ አይጥ ይጨርሰዋል። ሃንስሎፕ ፓርክ እዚያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛው ሽቦ የለውም እንጂ በየምድር ቤቱ አለ።

ብዙ ጊዜ የሚነሣብኝ ተቃውሞ አለ። "ወረቀቱ ነገ እንደሚከፈት ካወቀ ባለሥልጣን ምንም አይጽፍም፤ ሁሉን በስልክ ይጨርሳል" ይሉኛል። እውነት አለው። አሁንም እያየነው ነው፤ ስንት ትእዛዝ በቴሌግራም ግሩፕ ይተላለፋል? አለቃው ስልክ ሲቀይር ትእዛዙም አብሮ ይሄዳል። ይህ ራሱን የቻለ መከራ ነው።

ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይረሳል። መሥሪያ ቤት ሳይጽፍ መኖር አይችልም። ደርግን ተመልከቱ። ያን ያህል ሲፈራና ሲያስፈራራ፣ ማን ይታሰር ማን "አብዮታዊ እርምጃ" ይወሰድበት የሚለውን ጽፏል፣ ፈርሟል፣ ቁጥር ሰጥቷል። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሲያቀርብ ከያዛቸው ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ የራሱ የደርግ ወረቀት ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ በሌሉበት፣ ሌሎቹም በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። በቀይ ሽብር ልጅ ያጣች የጎንደር እናት ሐዘኗን የያዘችው በሙሾ ነው፤ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ሙሾው ልጇ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ትእዛዙን የፈረመውን፣ ቀኑን፣ የተቀበረበትን ቦታ የሚነግራት ግን ወረቀት ነው። ያን ወረቀት ይከፈት አይከፈት የሚለው ውሳኔ ለፈራሚው ወይም ለፈራሚው ወዳጅ ሊተው አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ አዲስ ኮሚሽን ይቋቋም አልልም። ኮሚሽን አይቸግረንም። እኔ የምለምነው ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት ፋይል እንዳለው፣ ከስንት ዓመተ ምሕረት እስከ ስንት፣ የቱ ወደ ወመዘክር እንደሄደ፣ የቱ እንደቀረ፣ ለምንና እስከ መቼ እንደቀረ የሚያሳይ ዝርዝር። ይዘቱ ይቆለፍ፤ ርእሱ ይታይ። "ጥብቅ ምስጢር፣ 12 ፋይል፣ ከ1975 እስከ 1979፣ ምክንያቱ ይኸው፣ የሚታየው በዚህ ዓመት" ቢል ማን ይጎዳል? እንባ ጠባቂውም ቢሆን፣ ቤተ መዛግብቱም ቢሆን፣ ምክር ቤቱም ቢሆን ከዚያ በኋላ ነው የሚቆጣጠሩት ነገር የሚኖራቸው። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ስትሠሩ ፋይሉን ብቻ አትጠይቁ። መጀመሪያ የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ጠይቁ። ቁጥር 214 እና 216 ኖሮ 215 ከሌለ፣ ጥያቄያችሁን እሱ ራሱ ጽፎላችኋል።

ግልባጩንም አትርሱ። ከፊርማው ሥር "ግልባጭ፦" ተብሎ የሚደረደረው ነገር እያንዳንዳችን የምንቀልድበት ነው፤ ለጽዳት ዕቃ ግዢ ሳይቀር ለስድስት ቢሮ ይላካል። እኔ ግን እወደዋለሁ። አንዱ ቢሮ የደበቀው ሌላው ቢሮ ጓዳ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። አንደርሰንን የረዳው እንዲህ ያለ የተረሳ ደብዳቤ ነው። አሜሪካዊውን ያዳነው ኮፒው ነው።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ተነሥቷል። አንዱን ብቻ እዚህ ላስቀምጥ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ የተናገሩት ሁሉ ጥሩ ነው። እኛ ግን ታዛዦች ነን። አለቃዬ 'ይህን ከረጢት አውጥተሽ አቃጥይ' ቢለኝ ምን ላድርግ? እምቢ ብል እንጀራዬ ነው።"

እምቢ በይ አላልኳትም። እንዲህ ነው ያልኳት፦ "በጽሑፍ ይስጡኝ በይ፤ በትሕትና። ንብረት ክፍል አንድ ወንበር ለማስወገድ ስንት ፊርማ እንደሚጠይቅ ታውቂያለሽ፤ ለከረጢቱም ያንኑ ጠይቂ። ከጻፈልሽ ደብዳቤውን በገቢ መዝገብ አስገቢው። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን በርእስና በዓመተ ምሕረት ዘርዝረሽ አባሪ አድርጊበት፤ ለወመዘክር ግልባጭ ይሂድ ብለሽም ጠይቂ። አልጽፍም ካለሽ ደግሞ አንቺ ጻፊ። 'በዚህ ቀን በቃል በታዘዝኩት መሠረት' ብለሽ ጀምሪ። ለእሱው አድርሺው፤ ቁጥር አስይዢው፤ ቀሪውን ፋይል አድርጊ።"

"ከዚያስ?" አለች።

"ከዚያማ ብዙ ጊዜ 'ቆይ፣ ለጊዜው ተይው' ይላል።"

አጠገቧ የነበሩት ሳቁ። ደርሶባቸው ያውቃል መሰለኝ።